እናቴና የመዥገር መድኃኒቱ

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት ያህል ኮልፌ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ስትሸጥ ኖራለች፤ ቁጥሩን ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት «ሚዛኑ» ትላለች። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ። እዚሁ ሰፈራችን፣ ቀራንዮ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ከገበያ ስትመለስ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ መጽሐፌን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታደርገኝ ነበር። ልክ ማንበቤን የምታውቀው ከድምፄ ነው። በቤታችን የተማርኩት እኔ ብቻ በመሆኔ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ፣ የውሃ ቢል ይሁን የሐኪም ማዘዣ፣ ወደኔ ይመጣል።

የመጀመሪያው ውሻችን ጥቁር ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ገና ሳላገባ፣ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንኖር ሞተ። የሞተው በኔ እጅ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መዥገር ወረረው። ጆሮው ውስጥ፣ አንገቱ ሥር፣ በእግር ጣቶቹ መሐል ሳይቀር ባቄላ የሚያክል መዥገር ተጣብቆበት ነበር። ከአጥራችን ወዲያ ሁለት የወተት ላሞች ያሏቸው ጎረቤት አሉን፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ውሻው ሲያክክ ሲውል አይተው አዘኑለትና ለላሞቻቸው ከሚረጩት መድኃኒት በውሃ ፕላስቲክ ቀንሰው ሰጡኝ።

«በውሃ በጥብጠህ እጠበው። የኔዎቹን ልቅም ነው የሚያደርግላቸው» አሉኝ።

በቅንነት ነው ያደረጉት። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈው ስለ ውሃው ብቻ ነበር፤ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል የለም። ስንት ውሃ እንደሚገባው አልጠየቅኳቸውም። ለላም የሚሆን ነገር ለውሻ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ጠዋት እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ፕላስቲኩን ይዤ ሳፋ ሳቀርብ አየችኝና ዝም ብላ አለፈች። ውሃው ወተት እስኪመስል በጠበጥኩት፤ ጠንከር ቢል ይሻላል ብዬ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ፤ ከዚያ ውሻውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አሸሁት።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። ቀጥሎ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ቧንቧው ሥር ወስጄ አለቀለቅኩት፤ ግን ዘግይቼ ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አጥሩ ሥር ተጋድሞ አገኘችው። ዘንቢሏን አስቀመጠችና አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ምን አደረግኸው?» አላለችኝም። እኔ ቆፈርኩ፤ አፈሩን የመለሰችው እሷ ናት። በማግስቱ ቁርስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ከእንግዲህ በዚህ ግቢ እንስሳ ላይ መድኃኒት አይፈስም።»

ሕግ ሆነ። እኔም አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስለ ጥገኛ ተባዮች ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው ፊቴን ሳላዞር የምጨርሰው አንድ አንቀጽ ነበረኝ።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድን። የእናቴ ጉልበት እምቢ ሲላት ገበያውን ተወች። ቡናማዋ ውሻ የመጣችው ያኔ ነው። አንድ ዝናባማ ጠዋት በሩ ሥር ተኮርምታ የነበረችውን ቡችላ እናቴ በጆንያ ጠቅልላ አስገባቻት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እናቷ የሞተችባትን ግራጫ ድመት አመጣች። ድመቷ ያደገችው በውሻዋ እግሮች መሐል ነው። እስከ ዛሬ የምትተኛው ውሻዋ ሆድ ላይ ሲሆን፣ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው የውሻዋን አንገት መላስ ነው።

መድኃኒት የተከለከለ ስለሆነ መዥገሩን የምትለቅመው እናቴ ነበረች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን አጣጥፋ ታስቀምጥና አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። በአንድ እጇ ወረንጦ፣ አጠገቧ ላምባ ያለበት ጣሳ። ውሻዋ ራሷ መጥታ ትጋደምና ጆሮዋን ትሰጣታለች። እናቴ መዥገሩን ከሥሩ ይዛ ቀስ ብላ ትነቅልና ጣሳው ውስጥ ትጥላለች፤ አንድ ጆሮ ሲያልቅ «ዙሪ» ትላታለች፤ ውሻዋ ትዞራለች። ቁንጫውን ደግሞ በሳሙና እያጠበች፣ ጆንያዋን ፀሐይ ላይ እያሰጣች ትከላከለው ነበር። ለብዙ ጊዜ ሠራ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ግን አልሠራም። ጋሼ አንዲት ላም ጨምረው ስለነበር ይሁን፣ ዝናቡ ስለበዛ ይሁን አላውቅም፣ እናቴ እሁድ ብትለቅም ማክሰኞ ሌላ ተተክቶ ይገኛል። ቁንጫው ቤት ገባ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ልጃችንን ዩኒፎርም ስታለብሳት ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ እናቴን ጠራቻት።

«እማማ፣ የልጅቷን እግር ይመልከቱልኝ።»

ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። በማከክ ብዛት አንዳንዱ ቆስሏል።

«ውሻዋ መድኃኒት ይደረግላት» አለች ባለቤቴ።

«አይደረግም» አለች እናቴ።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። እኔም ከእናቴ ጎን ቆምኩ። ያልኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ፤ «በሳሙና ደጋግመን እንጠባት፣ የመኝታ ልብሱን እናስጣው» ነው ያልኩት። ሳይንስ የሚያስተምር ሰው የሚናገረው አይመስልም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው፤ ያ ወተት የመሰለ ውሃ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

ባለቤቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እናንተ ሁለታችሁ የምትፈሩት ለዚያኛው ውሻ ነው» አለች። «ይቺ ሌላ ውሻ ናት።» ቦርሳዋን አንስታ ልጅቷን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ እንደ ልማዷ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ አያታለሁ። ወረንጦው አንድ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ጣቶቿን አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ጀመረች። ወደ ኋላ እግሯ ስትደርስ ውሻዋ ጮኸችና እግሯን ሸሸገች። በውሻዋ ጣቶች መሐል ያለው ቆዳ አብጦ ነበር። የዚያኑ ሰሞን ቆጣሪ የሚያነበው ሰው በሩን ሲያንኳኳ እንደተጋደመች ጭራዋን ብቻ ያወዛወዘች ውሻ ናት፤ ድሮ አጥር የምታስዘልል። እናቴ የውሻዋን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣሳውን ከደነች።

«እማዬ፣ ደከመሽ?» አልኳት።

«እጄ አልደርስ አለ» አለች። «ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አብረን እንሂድ።»

«የት?»

«ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጋ። ልንጠይቅ እንጂ ልንገዛ አይደለም።»

በማግስቱ ታክሲ ይዘን ዓለም ባንክ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ከመንገዱ ዳር፣ በሩ ላይ የመኖ ጆንያ የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ዶክተር ነበረች። ከእኛ በፊት አንድ ሰውዬ ለጫጩቶቹ ክትባት ይገዛል፤ ከኋላችን ሁለት ሰዎች ቆሙ። ተራችን ሲደርስ ዶክተሯ ለእናቴ ወንበር አቀረበችላት።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ጥያቄ ነው የያዝኩት፣ ልጄ። ጊዜ አለሽ?»

ዶክተሯ ከኋላችን ያሉትን ሰዎች አየት አደረገችና «አለኝ» አለች።

እናቴ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። ስለ ጎረቤት ላሞች፣ ስለ መልቀሙ፣ ስለ ልጅቷ እግር ነገረቻት። የፊተኛውን ውሻም ነገረቻት። «በላም መድኃኒት ታጥቦ ሞተብን» አለች። «ሞተብን» ነው ያለችው። ማን እንዳጠበው አልተናገረችም። እኔ ዓይኔን ከወለሉ አላነሳሁም።

«አሁን የምጠይቅሽ» አለች ቀጥላ፣ «መድኃኒት የግድ ያስፈልጋታል ወይስ በእጅ መልቀሙ ይበቃል? እውነቱን ንገሪኝ፤ መሸጥሽን ትተሽ።»

ከኋላችን አንዱ ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ደገፍ አለችና ቀስ ብላ አስረዳቻት። ውሻዋ ከብት አጠገብ ባትኖር፣ ቤት ውስጥም ልጅ ባይነከስ፣ መልቀሙና ማጠቡ ይበቃ ይሆናል እል ነበር አለች። አሁን ግን ትንንሾቹ መዥገሮች በዓይን አይታዩም፤ ሳይታዩ ደም ይመጥጣሉ፣ በሽታም ያስተላልፋሉ። ቁንጫው ደግሞ ውሻዋ ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ እንቁላሉና ገና ያልጎለመሰው ትሉ ያለው ጆንያው፣ ምንጣፉ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

«ስለዚህ እማማ፣ መልቀምዎ ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያቆያት እሱ ነው። አሁን ግን ብቻዎን አይችሉትም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ መልስ ደስ እንዳላት አውቃለሁ።

ዶክተሯ ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ ካርቶን አወረደች። ጠብታ ነው፤ በወር አንዴ ትከሻዋ መሐል ቆዳዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰዉ በብዛት የሚወስደው ይሄን ነው አለችን። ካርቶኑን ተቀበልኩና እናቴ እንድትሰማ ላይ ላዩን አነበብኩላት፤ ለውሻ እንደሆነ፣ ቁንጫና መዥገር እንደሚያጠፋ፣ ጊዜው እንዳላለፈበት። ሁሉም ልክ ነው። እንዲያውም በዚህኛው ጊዜ በማንበቤ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

እናቴ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደችው። ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትገዛ እንደምታደርገው አገላበጠችው። ጆንያ ከላይ አይታ ገዝታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከሥር አስፈትታ ነው። በጎኑ በኩል ስትደርስ ቆመችና ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«ይቺ ድመት ለምንድን ነው የተሰረዘችው?»

ጥፍር የማታክል ሥዕል ነበረች። ድመት፤ በላይዋ ላይ አንድ መስመር። እኔ ፊደሉን ስከተል አላየኋትም።

«ለድመት አይሆንም ማለት ነው፣ እማማ» አለች ዶክተሯ። «የውሻ ብቻ ነው።»

እኔ በዚህ በቃኝ። የምንገዛው ለውሻ ነው። እናቴ ግን ካርቶኑን አልመለሰችም።

«የኔ ድመት የምትተኛው እዚችው ውሻ ላይ ነው» አለች። «አንገቷን ትልሳታለች። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን የምታፈሺው አንገቷ ሥር ነው።»

ዶክተሯ እጇን ዘረጋች። ካርቶኑን ተቀብላ ከፈተችውና ብዙ ጊዜ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ወረቀቱን አጥፋ ስትጨርስ ካርቶኑን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

«ይሄ ለእርስዎ ቤት አይሆንም» አለች። «ለድመት መርዝ ነው። ብትልሰው ወይም ብትተሻሸው ያንቀጠቅጣታል፤ ልትሞትም ትችላለች። ድመት አለ ወይ ብዬ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

«አሁን ጠየቅሽ» አለች እናቴ።

ዶክተሯ ሌላ አሳየችን፤ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ውሻዋ ትበላዋለች፤ ቆዳዋ ላይ የሚቀር ነገር ስለሌለ ድመቷን አይነካም። ከዚያ በተራዋ እሷ እናቴን ትጠይቃት ጀመር። ውሻዋ እርጉዝ ናት? የምታጠባው ቡችላ አላት? ወድቃ ተንቀጥቅጣ ታውቃለች? የሚጥል ነገር ያለባት ውሻ ከሆነች ይሄኛውም ጥንቃቄ ይፈልጋል አለች። እናቴ እያንዳንዱን አስባ መለሰች፤ የለባትም።

«ክብደቷስ?»

«አሥር ምናምን ኪሎ ትሆናለች» አልኩ እኔ።

እናቴ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። «በግምት አይሆንም» አለች። ወደ ዶክተሯም ዞራ፣ «መዝነናት እንመለሳለን» አለቻት።

ባዶ እጃችንን ወጣን። ታክሲው እስኪሞላ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ለዓመታት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ያኔ ጥቁሩ ውሻ ሲሞት ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ወደ መስኮቱ እያየች መለሰች። «ጠዋት ስወጣ ፕላስቲኩን አይቼው ነበር። ምንድን ነው ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የተማረው እሱ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ አለፍኩ። ያልጠየቅኩትስ እኔም አይደለሁ?» ጨመረችም፤ «ከዚያ ወዲያ የተማረም ቢሆን እጠይቃለሁ አልኩ። ሐኪምም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን። አንተንም።»

ለካ ያን ቀን አፈሩን ስትመልስ የነበረው ዝምታ ቁጣ አልነበረም። እኔ ሳልናገር የተሸከምኩትን እሷም ሳትናገር ተሸክማው ኖራለች። ልዩነቱ፣ እኔ ከዚያ የተማርኩት መፍራት ብቻ ሲሆን እሷ የተማረችው መጠየቅ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ውሻዋን መዘንናት። እናቴ የገበያ ጊዜዋን ተንጠልጣይ ሚዛን ከአልጋ ሥር አውጥታ ጠረገችው። ውሻዋን አንገቷ ብቻ እንዲወጣ አድርገን ጆንያ ውስጥ ከተትናት፤ አልወደደችውም፣ ግን እናቴ ጆሮዋን እያሻሸች ስለነበር ዝም አለች። ሚዛኑን እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበርና ጋሼን ጠራኋቸው። በአንዱ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው እኔ ሆነን ወደ ላይ አነሳን። እናቴ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች።

«አሥራ አራት ተኩል። ጆንያው ግማሽ ነው። አሥራ አራት።»

ካወረድናት በኋላ ጋሼ እጃቸውን እያራገፉ ለምን እንደመዘንናት ጠየቁ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«እትዬ» አሏት እናቴን፣ «ያንን ፕላስቲክ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ልናገር አስቤ ተውኩት። በዚህ አጥር ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።»

«ወንድሜ፣ ሦስታችንም ነን» አለቻቸው። «እርስዎ ሰጡ፣ እሱ ቀላቀለ፣ እኔ አይቼ አለፍኩ።» ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ጥያቄዋ ሄደች፤ «አሁንስ ላሞቹን ምን ይረጯቸዋል?»

ያው ነበር። አንድ ወዳጃቸው ከትልቅ ጀሪካን ቀንሶ የሚሰጣቸውን፣ በክዳን እየለኩ፣ ጽሑፍ ከሌለው ፕላስቲክ።

«ነገ እኛ ስንሄድ አብረውን ይምጡ» አለቻቸው።

መጡም። ሦስታችን ሄድን። እናቴ ለዶክተሯ «አሥራ አራት ኪሎ» አለቻት፤ ኪኒኑን ክብደቷን የሚመጥነውን መርጣ ሰጠችን። ከምግብ ጋር እንድንሰጣት፣ የመጀመሪያውን ቀን እንድንከታተላት፣ ካስመለሳት ወይም ከተንቀጠቀጠች እንድንደውል ነገረችን። ጆንያውን በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ወለሉን ደጋግሞ መጥረግ እንደማይቀርም አስጠነቀቀችን። ለጋሼም ለላሞቻቸው የሚሆን፣ መጠኑ የተጻፈበት መድኃኒት ሰጠቻቸው። ባለቤቴ የዚያኑ ቅዳሜ ምንጣፉንም ፍራሹንም ደጅ አውጥታ ስትዠልጥ ዋለች፤ እናቴ ደግሞ ጆንያውን በፈላ ውሃ ነከረች። ሁለቱ ስለ ክርክራቸው አልተነጋገሩም፤ ግን ሲሠሩ አንዷ ስታቀብል አንዷ ስትቀበል አየሁ።

በገዛነው ማግስት ኪኒኑን የተቀቀለ ሳንባ ውስጥ ሸጉጣ የሰጠቻት እናቴ ናት። ውሻዋ ሳታኝክ ዋጠችው። እናቴ ያን ቀን ከበርጩማዋ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ምሳዋን እዚያው በላች። ውሻዋ ምራቋን ስትውጥ ታያለች፣ ስትዘረጋ ታያለች፣ ውሃ ስትጠጣ ታያለች። እኔም ትምህርት ቤት ሆኜ በየእረፍቱ እደውል ነበር። «ደህና ናት፣ አስተምር» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ድመቷ ውሻዋ ሆድ ላይ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ እናቴ ሁለቱንም እየተመለከተች።

በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መዥገሮቹ ደርቀው ይረግፉ ጀመር። የእግሯ እብጠት ቀነሰ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ቡናማዋ ውሻችን በሩ ላይ ተነስታ መጮኽ ስትጀምር ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ቆማ ሰማቻት። የልጃችን እግር ለመዳን ከዚያ ትንሽ ዘገየ፤ ግን ዳነ። እናቴ እሁድ እሁድ መልቀሟን አላቆመችም። አሁን ግን ፍለጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝ ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ እንስጣት ወይስ ክረምትና መፀው ብቻ የሚለውንም ከዶክተሯ ጋር ተነጋግራ የወሰነችው እሷ ናት። ላሞቹ ከአጥሩ ወዲያ እስካሉ ድረስ ወር አይዘለልም።

በሚቀጥለው ወር ኪኒኑን ልገዛ ብቻዬን ሄድኩ። ከፊቴ አንዲት ወጣት ለትንሽ ነጭ ውሻዋ ያንኑ ጠብታ ጠይቃ ነበር። ዶክተሯ እጇን ወደ መደርደሪያው ከመስደዷ በፊት «ቤት ውስጥ ድመት አለ?» አለቻት። ልጅቷ እንደሌለ ተናግራ ወስዳ ሄደች። ዶክተሯ ቀና ስትል አየችኝና ፈገግ አለች። «ለእናትህ ንገራቸው» አለችኝ፤ «አሁን ሳልጠይቅ ለማንም አልሸጥም።»

ብዙ ዓመት ተምሬአለሁ፤ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። ምስክር ወረቀቴ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሰቀለችውም እናቴ ናት። ከመድኃኒት ቤቱ በር ወጥቼ ወደ ታክሲው ስሄድ የተሰማኝን ኩራት ግን ያ ወረቀት ሰጥቶኝ አያውቅም። ፊደል የማትለይ ሴት አንዲት ዶክተር ሥራዋን የምትሠራበትን መንገድ ለወጠች፤ ሴትየዋም እናቴ ናት።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ጎበዝ ልጅ ናት» አለች ስለ ዶክተሯ። «እኔን ንቃ ቢሆን ኖሮ ድመቴ ሞታ ነበር።» ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ይልቁንም ሌላ ነገር አሳስቧት ነበር።

«ያን ለት ለጋሼህ የላሞቹን መድኃኒት ስትሰጣቸው አንድ ነገር ሳልጠይቃት ቀረሁ» አለች። «ላሟ መድኃኒት በተረጨች ቀን የታለበው ወተትስ ይጠጣል?»

በዚያው ሳምንት ጋሼን አስከትላ ራሷ ሄደች። እኔ አስተምር ስለነበር አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከጋሼ ነው። ዶክተሯ የመድኃኒቱን ወረቀት ዘርግታ አነበበችላቸውና ወተቱ እስከ ስንት ቀን መጠጣት እንደሌለበት ነገረቻቸው። ጋሼ ያንን ሁሉ ዓመት በረጩ ማግስት እያለቡ ለሰፈር ሲያዳርሱ ነው የኖሩት። ለእኛም ጭምር። ሲነግሩኝ አላፈሩም፤ እንዲያውም እናቴ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዴት እንደተናገረች እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ያሳዩኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በጋሼ በር ላይ ሦስት አራት ሴቶች የወተት ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገው ያነጋግሯቸዋል።

«እስከ ዓርብ ወተት የለም» ይላሉ። «ላሞቹ ትናንት ተረጭተዋል።»

«ድሮ እኮ ይሸጡ ነበር» አለች አንዷ።

«ድሮ አላውቅም ነበር። አሁን የሚያውቅ ጎረቤት አለኝ» አሉና በአገጫቸው ወደ ግቢያችን አመለከቱ።

ሴቶቹ እኔን አዩኝ። መምህሩን ማለታቸው መስሏቸው አንዷ «እውነት ነው፣ ቲቸር?» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «እናቴ ናት። ያልገባችሁ ነገር ካለ ግቡና ጠይቋት፤ እቤት አለች።»